የታሰረ ሰው ስሙ እንዳይጠፋ

(በማኅበራችን የእሁድ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር። ዕረፍት አጥታችሁ መምጣት ላልቻላችሁ አባላት እንዲደርሳችሁ እንደተነገረ አትመነዋል።)



ከስድስት ቀን ሥራ በኋላ የምትገኘውን አንዲት የዕረፍት ቀናችሁን ይዛችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። ዕረፍት የማይሰጣቸው እህቶቻችን ደግሞ ይህን ወረቀት ማታ ሥራ ጨርሰው ያነቡታልና፣ እነሱንም አብሬ እያሰብኩ ነው የምናገረው።

የዛሬው ነገር ስለ ታሰሩ ሰዎች ነው። ለምን እንደሆነ ታውቃላችሁ። የመረዳጃ ሳጥናችን ትንሽ ናት። ከእሷ ላይ ለታሰረች እህት ሳሙና፣ የውስጥ ልብስ፣ የስልክ ካርድ፣ አንዳንዴም የቲኬት ማሟያ ይወጣል። ታዲያ ባለፉት ስብሰባዎች ሦስት ጥያቄዎች ተደጋግመው ተነሥተዋል። «መዋጮ ላልከፈለች ለምን እንከፍላለን?» «ኮንትራቷን ጥላ የወጣች ናት፤ ራሷ ያመጣችውን ለምን እኛ እንሸከማለን?» «ማስፈታት ካልቻልን መመላለሱ ምን ይጠቅማል?»

ይህን የሚጠይቁ ሰዎች ክፉ አይደሉም። ደክሟቸዋል። ሳጥኗ ባዶ እንዳትቀርም ይሰጋሉ። ስለዚህ በቁጣ ሳይሆን በታሪክ ልመልስላቸው። በሚቀጥለው ወር ድምፅ ስንሰጥ ይህን ታሪክ በልባችሁ ይዛችሁ እንድትመጡ ነው ፍላጎቴ።

ታሪኩ የእንግሊዝ አገር ነው፤ ጊዜው አንደኛው የዓለም ጦርነት። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር እጠራለሁ።

ኩዌከሮች የሚባሉት

መጀመሪያ ሰዎቹን ላስተዋውቃችሁ። ኩዌከሮች በ17ኛው መቶ ዘመን እንግሊዝ ውስጥ፣ ጆርጅ ፎክስ በሚባል ሰው ስብከት የተነሡ ክርስቲያኖች ናቸው። ራሳቸውን «የወዳጆች ማኅበር» ብለው ይጠራሉ። ለጸሎት ሲሰበሰቡ ቄስ የለም፣ መዝሙር የለም፤ ዝም ብለው አብረው ይቀመጣሉ። መናገር ያለበት ሰው ካለ ተነሥቶ ጥቂት ይናገርና ይቀመጣል። ጦርነትን ደግሞ ከጥንት ጀምሮ አይቀበሉም።

ስማቸው ለእኛ እንግዳ ቢመስልም ሥራቸው ከአጠገባችን አለ። ከቤይሩት በላይ ብሩማና የምትሠሩ እህቶች የብሩማናን ትምህርት ቤት ታውቁታላችሁ። እሱን በ1873 የመሠረተው ቴዎፍሎስ ዋልድማየር የሚባል ስዊስ ነው። ይህ ሰው ከዚያ በፊት የት ነበር የኖረው መሰላችሁ? እኛው አገር! በአፄ ቴዎድሮስ ዘመን ጋፋት ላይ መድፍ ከሠሩት አውሮፓውያን አንዱ ነበር። ሴባስቶፖልን የማያውቅ ሐበሻ የለም መቼም። ሚስቱም ከኢትዮጵያዊት እናት የተወለደች ነበረች። በመጨረሻ እሱም እንደ ሌሎቹ ፈረንጆች በንጉሡ ተይዞ ቆይቶ በ1868 ከመቅደላ ወጣ። ከዚያ ሊባኖስ መጣ፣ ከኩዌከሮች ጋር ተዋወቀ፣ አባላቸውም ሆነ። መድፍ ሲሠራ የነበረ ሰው ጦርነት የማይቀበሉትን ተቀላቀለ ማለት ነው።

ይህን የምነግራችሁ ሃይማኖት ልሰብካችሁ አይደለም። እኛ እዚህ ኦርቶዶክሱም፣ ሙስሊሙም፣ ጴንጤውም አብረን ነን፤ እንደዚሁ እንቀጥላለን። የምፈልገው ስለ እስረኛ የሚያውቁትን አንድ ነገር ብቻ ነው።

እሱን ያወቁት ደግሞ በራሳቸው ላይ ደርሶ ነው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሕግ ባልፈቀደው መንገድ ስለጸለዩ በሺዎች ታስረዋል፤ ፎክስ ራሱ ስንት ጊዜ ገብቶ ወጥቷል። ስለዚህ በ1670ዎቹ ለንደን ላይ አንድ ጉባኤ አቋቋሙ። ስሙን «የመከራ ጉባኤ» አሉት። ሥራው ምን ነበር? ከየአገሩ መቁጠርና መጻፍ። ማን ታሰረ፣ የት ታሰረ፣ ከቤቱ ምን ተወሰደበት፣ ልጆቹ እንዴት ናቸው። ከዚያ መርዳት፣ ከዚያ ባለሥልጣን ዘንድ ሄዶ መጮህ። ይህ ጉባኤ በዚሁ ስም ብዙ ዘመን ቆይቷል። እንግዲህ አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲመጣ፣ ይህን ሥራ ሁለት መቶ አርባ ዓመት ያህል ሲሠሩት የቆዩ ሰዎች ነበሩ።

«ኅሊናዬ አይፈቅድም»

ጦርነቱ በ1914 ሲጀመር እንግሊዝ በፈቃደኛ ወታደር ነበር የምትዋጋው። ሰው ሲያልቅ፣ በጃንዋሪ 1916 የግዳጅ ውትድርና ሕግ አወጣች። እናቶቻችን በደርግ ጊዜ «ብሔራዊ ውትድርና» ሲባል ልጃቸውን የት እንደሚደብቁት ይጨነቁ እንደነበር የምታስታውሱ፣ ነገሩ ይገባችኋል። ከ18 እስከ 41 ዓመት ያለ ያላገባ ወንድ ሁሉ ወታደር ነው ተባለ። ጥቂት ወር ቆይቶ ያገቡትም ተጨመሩ።

ሕጉ ግን አንድ ቀዳዳ ነበረው። ኅሊናው መግደል የማይፈቅድለት ሰው አመልክቶ ነጻ ሊባል ይችላል ይላል። ይህን ቃል ሕጉ ውስጥ ለማስገባት ከደከሙት ውስጥ ኤድመንድ ሃርቪና አርኖልድ ራውንትሪ የሚባሉ ሁለት ኩዌከር የፓርላማ አባላት ነበሩ። በተግባር ግን አመልካቹ የሚቀርበው የሰፈሩ ሹማምንትና ባለሀብቶች በተቀመጡበት ሸንጎ ፊት ነው። የጦር ሠራዊቱም ሰው አብሮ ይቀመጣል። «ጀርመን መጥቶ እህትህን ቢይዛት ምን ታደርጋለህ?» ይሉታል። ምንም ቢመልስ ብዙ ጊዜ አይቀበሉትም። ወታደር ነህ ይሉታል፤ እምቢ ሲል ወታደራዊ ፍርድ ቤት ይቀርባል።

እምቢ ያሉት 16,000 ያህል ናቸው። ከእነሱ 6,000 የሚሆኑት ቢያንስ አንድ ጊዜ እስር ቤት ገብተዋል። ሌላ ሥራ ተሰጥቷቸው የተቀበሉ አሉ። ቁስለኛ በማንሣት ያገለገሉ አሉ። 1,300 የሚሆኑት ግን «ጦርነቱን የሚያግዝ ምንም ሥራ አልሠራም፣ በምትኩም አልደራደርም» ብለው እስከ መጨረሻው ጸኑ።

አሁን የመጀመሪያው ጥያቄያችን መልስ እዚህ ላይ ነው፤ ልብ በሉ። ከታሰሩት ውስጥ አብዛኞቹ ኩዌከሮች አልነበሩም። ሜቶዲስቶች ነበሩ፣ የመጽሐፍ ቅዱስ ተማሪዎች የሚባሉ ነበሩ፣ እግዚአብሔር የለም የሚሉ ሶሻሊስቶችም ነበሩ። ለኩዌከር ማኅበር አንድ ሳንቲም ያላዋጡ፣ ጸሎቱንም የማያውቁ ሰዎች። በሌላ በኩል ከኩዌከር ወጣቶች ከሦስት አንዱ ያህል ጠመንጃ ይዞ ዘምቷል። ስለዚህ «የኛ ሰው» እና «የኛ ያልሆነ» ብለው ቢከፍሉ ኖሮ ነገሩ ሁሉ ይበላሽ ነበር። እነሱ የጠየቁት አንድ ጥያቄ ነው፤ ታስሯል ወይስ አልታሰረም?

ውስጥ ምን ነበር?

የተለመደው ፍርድ 112 ቀን ከከባድ ሥራ ጋር ነበር። ኹበርት ፒት የሚባል ኩዌከር ጋዜጠኛ ከተፈታ በኋላ በዚሁ ቁጥር የሰየማት ትንሽ ጽሑፍ አሳትሟል። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት እስረኛው ያለ ፍራሽ በሳንቃ ላይ ይተኛል። የመጀመሪያውን ወር ብቻውን ተዘግቶበት የፖስታ ጆንያ ይሰፋል። ለሁለት ወር ያህል ደብዳቤ የለም፣ ጠያቂም የለም።

ከሁሉ የከበደው ግን የዝምታ ሕግ ነው። እስረኛ ከእስረኛ ጋር መነጋገር ክልክል ነው። በሰልፍ ሲሄዱ፣ ሥራ ላይ፣ ግቢ ውስጥ ሲዞሩ፣ ዝም! ከንፈሩ የተንቀሳቀሰ ምግቡ ተቀንሶ ዳቦና ውኃ ብቻ ይሰጠዋል። እስቲ አስቡት። ከእናንተ ውስጥ ቋንቋዋን የሚያውቅ ሰው በሌለበት ቤት ወራት የቆየች፣ ይህ ምን እንደሚያደርግ ታውቃለች። ራስን ያዞራል። አእምሯቸው የተነካ ነበሩ።

112ቱ ቀን ሲያልቅስ? የእስር ቤቱ በር ይከፈታል፣ ውጭ ወታደሮች ቆመው ይጠብቁታል። ወደ ካምፕ ይወስዱትና «ልብሱን ልበስ» ይሉታል። አልለብስም ሲል እንደገና ይከሰሳል፣ እንደገና ይፈረድበታል፣ አሁን ረዘም ላለ ጊዜ። እንዲህ እየተደረገ ሦስትና አራት ጊዜ የተመላለሱ አሉ።

በሜይ 1916 ደግሞ ሠራዊቱ ሃምሳ ያህሉን ድምፅ ሳያሰማ ባሕር አሻግሮ ፈረንሳይ ወሰዳቸው። ለምን? ጦር ሜዳ ላይ ትእዛዝ እምቢ ያለ በጥይት ይገደላልና ነው። ከእነዚህ መካከል ሪችመንድ በሚባል የድሮ ግንብ ታስረው የነበሩ 16 ሰዎች ነበሩ። በግድግዳው ላይ የሳሉትና የጻፉት እስከ ዛሬ አለ። አንደኛው በርት ብሮክልስቢ የሚባል መምህር ነው፤ የእጮኛውን መልክ ሳለበት።

ይህ ብሮክልስቢ ፈረንሳይ ሊወስዱት ሲሉ አንድ የወታደር ፖስትካርድ ተሰጠው። ካርዱ ላይ አስቀድሞ የታተሙ ዓረፍተ ነገሮች አሉ፤ የማትፈልገውን ትሰርዛለህ እንጂ አንዲት ቃል መጨመር አትችልም። እሱ ምን አደረገ? ከታተመው ውስጥ ፊደል በፊደል እየሰረዘ፣ የቀሩት ሲገጣጠሙ «ወደ ቡሎኝ እየተላክሁ ነው» እንዲሉ አደረገ። ቡሎኝ የፈረንሳይ ወደብ ናት። ካርዷ ለቤተሰቡ ደረሰች። የት እንዳሉ ታወቀ።

ከዚያ ውጭ ያሉት ሮጡ። ነገሩ ፓርላማ ገባ፣ ሚኒስትሮች ተጠየቁ። በጁን ወር ሠላሳ አምስቱ በተሰለፈ ሠራዊት ፊት ቆመው የሞት ፍርድ ተነበበላቸው፤ ከዚያም አንባቢው ትንሽ ዝም ካለ በኋላ ወደ 10 ዓመት እስር መለወጡን አነበበ። የመጀመሪያው የተነበበለት ሃዋርድ ማርተን የሚባል ኩዌከር የባንክ ሠራተኛ ነው። አንድም ሰው አልተገደለም። ይህን ያስቻለው ብዙ ነገር ነው፤ መጀመሪያው ግን የት እንዳሉ መታወቁ ነው።

ውጭ ያሉት የሠሩት ሥራ

ኩዌከሮች ብቻቸውን አልሠሩም። በ1915 «የወዳጆች የአገልግሎት ኮሚቴ» የሚባል አቋቋሙና ከሌሎች ሁለት ማኅበሮች ጋር ተጣመሩ። ከእነዚህ ትልቁ፣ የግዳጅ ምልመላን የሚቃወመው ኅብረት፣ በ1914 የተጀመረው በፌነር ብሮክዌይ ነው፤ ሐሳቡ ግን የሚስቱ የሊላ ነበር። ወንዶቹ መሪዎች አንድ በአንድ ሲታሰሩ ደግሞ ሥራው በሴቶች እጅ ገባ። ይህን ለወንዶች ወንድሞቼ ሳይሆን ለእናንተ ለእህቶቼ ነው የምናገረው። «እኛ የቤት ሠራተኞች ምን እናደርጋለን» ለምትሉት።

የመጀመሪያው ሥራ መዝገብ ነው። ካትሪን ማርሻል፣ ቀድሞ ለሴቶች የመምረጥ መብት ስትታገል የነበረች ሴት፣ ለእያንዳንዱ የተያዘ ሰው አንድ ካርድ እንዲኖር አደረገች። ስሙ፣ መቼ ተያዘ፣ የትኛው ካምፕ፣ የትኛው እስር ቤት፣ ስንት ተፈረደበት፣ ጤናው እንዴት ነው። ሰው ከቦታ ቦታ ሲዛወር ካርዱ ላይ ይጻፋል። ዜናው የሚመጣው ከእናቶች ደብዳቤ፣ ከፍርድ ቤት ታዛቢዎች፣ ከካምፕ በር ላይ ከሚቆሙ ሰዎች ነበር። ፓርላማ ውስጥ አንድ አባል ተነሥቶ «እገሌ የሚባለው ሰው በእገሌ ካምፕ ተደብድቧል፣ እውነት ነው ወይ?» ብሎ ሚኒስትሩን ሲጠይቅ፣ ጥያቄው የወጣው ከዚያች ካርድ ነው። «ሰዎች እየተጎዱ ነው» ቢል ኖሮ ሚኒስትሩ በአንድ ቃል ያልፈው ነበር። ስምና ቀን ሲጠራበት ግን መመርመር ግድ ሆነበት።

ሁለተኛው ጉብኝት ነው። ኩዌከሮች ፈቃድ ጠይቀው በየእስር ቤቱ የራሳቸውን አጽናኝ ጎብኚዎች አስመደቡ። እነዚህ ሰዎች ክፍል ለክፍል እየገቡ እስረኛውን ያያሉ፣ በተፈቀደበትም የጸሎት ስብሰባ ያደርጋሉ። ኩዌከር ያልሆኑ እስረኞችም መምጣት ጀመሩ። ነገሩ ይገርማል። ያ ቀኑን ሙሉ በቅጣት የተጫነባቸው ዝምታ፣ በኩዌከሮቹ ስብሰባ ውስጥ ያው ዝምታ ነው፤ ግን አሁን ጎን ለጎን ተቀምጠው፣ ፊት ለፊት እየተያዩ፣ በፈቃዳቸው ዝም ይላሉ። አንድ ቃል ሳይነገር ሰው «ብቻዬን አይደለሁም» ብሎ ወደ ክፍሉ ይመለሳል። እስረኞቹም በበኩላቸው አልተቀመጡም። ዊንቸስተር እስር ቤት ውስጥ በሽንት ቤት ወረቀት ላይ ጋዜጣ እየጻፉ በድብቅ ይቀባበሉ ነበር፤ ዛሬ ለንደን በኩዌከሮች ቤተ መጻሕፍት ተቀምጧል።

ሦስተኛው ቤተሰብ ነው። የወታደር ሚስት ከመንግሥት ድጎማ ታገኛለች፤ የእምቢተኛ ሚስት ምንም የላትም። ጎረቤት «የፈሪ ሚስት» ይላታል፣ ልጆቿ ትምህርት ቤት ይሰደባሉ። ስለዚህ ለቤተሰብ ማቆያ ገንዘብ ተሰበሰበ፤ ያላቸው ኩዌከሮች ብዙ ሰጡ። በዚህ ሥራ ውስጥ ቫዮሌት ቲላርድ የምትባል ነርስ ነበረች። በ1918 ፖሊስ የኅብረቱን ጽሑፍ ያተመውን ሰው ስም ተናገሪ ሲላት አልናገርም ብላ 61 ቀን ታሰረች። ከጦርነቱ በኋላ ከኩዌከሮች የእርዳታ ቡድን ጋር ወደ ሩሲያ ረሃብ ሄዳ፣ በሽተኛ ስታስታምም በታይፈስ ተይዛ በ1922 ሞተች።

አራተኛው ስለ እስረኛው መናገር ነው፤ ይህ ደግሞ ዋጋ ያስከፍላል። በ1917 መጨረሻ መንግሥት ስለ ጦርነትና ሰላም የሚወጣ በራሪ ጽሑፍ ሁሉ ሳንሱር ይታይ አለ። ኩዌከሮች ተሰብስበው፣ ኅሊናችን የሚለውን ለመናገር ፈቃድ አንጠይቅም ብለው ወሰኑ፤ ስለ እስረኞቹም የሚናገር ጽሑፍ ሳያስመረምሩ አወጡ። በሜይ 1918 የኮሚቴው ሦስት ኃላፊዎች ፍርድ ቤት ቀረቡ። ሃሪሰን ባሮውና አርተር ዋትስ ስድስት ስድስት ወር ተፈረደባቸው። ኢዲት ኤሊስ የምትባለው ሴት 100 ፓውንድና የፍርድ ቤት ወጪ እንድትከፍል፣ አለዚያ ሦስት ወር እንድትታሰር ተፈረደባት። ሀብታም ነበረች፤ ገንዘቡ አልቸገራትም። አልከፍልም ብላ ገባች።

ያልተስማሙበትም ነበር

ሁሉም በፍቅር ተስማምተው ሠሩ ብዬ ተረት አልነግራችሁም። ተጣልተዋል። አንዳንዶቹ ኩዌከሮች «ለእስረኛው የተሻለ ምግብና ቀላል ሥራ ስንለምን ሕጉን የተቀበልን ይመስላል፤ የምንጠይቀው ሕጉ እንዲነሣ ብቻ ነው» አሉ። ካትሪን ማርሻልና ሌሎቹ ደግሞ «ሰው እየሞተ መርህ ብቻ ይዘን አንቀመጥም» አሉ። ሁለቱም ወገን እውነት ነበረው።

ከእስረኞቹ ውስጥም ስቲቨን ሆብሃውስ የሚባል ኩዌከር ነበር፤ ከትልቅ ቤተሰብ የተወለደ። እናቱ ጦርነቱን የምትደግፍ ሴት ናት፤ በልጇ አቋም አትስማማም። ሆኖም ልጇና መሰሎቹ በእስር ሲደክሙ ስታይ በ1917 ለእነሱ የሚሟገት መጽሐፍ በስሟ አወጣች። ብዙውን ክፍል የጻፈላት ፈላስፋው በርትራንድ ራስል ነው። መጽሐፉ መነጋገሪያ ሆነ፤ በዚያው ዓመት መጨረሻ ጤናቸው የተጎዳ እስረኞች መለቀቅ ጀመሩ፣ ሆብሃውስም ወጣ። እንግዲህ የሁለተኛው ጥያቄያችን መልስ ይኸው። «ራሱ ያመጣው ነው» ለማለት ከዚህች እናት የበለጠ ምክንያት የነበረው ማን ነው? ልጇ በሩን ከፍቶ መውጣት ይችል ነበር፤ አንዲት ቃል ብቻ ነበር የሚጠበቅበት። እሷ ግን ጥፋቱ የማን ነው የሚለውን ወደ ጎን ትታ ሥቃዩን አየች።

ሦስተኛው ጥያቄስ? ማስፈታት ካልተቻለ ምን ይጠቅማል? እውነቱን ልንገራችሁ። አብዛኞቹን ማስፈታት አልቻሉም። ጦርነቱ በኖቬምበር 1918 ሲያልቅ እንኳ አልተፈቱም፤ የመጨረሻዎቹ የወጡት በ1919 በጋ ነው። 70 ያህል ሰዎች በእስር ላይ ወይም ከእስር በኋላ በደረሰባቸው ጉዳት ሞተዋል። ዋልተር ሮበርትስ የሚባል ወጣት ገና በ1916 ስኮትላንድ ውስጥ በድንጋይ ካባ ሥራ ላይ፣ በረጠበ ድንኳን ተኝቶ በሳንባ ምች ሞተ። ለአምስት ዓመትም የመምረጥ መብታቸው ተነፈገ።

ነገር ግን የሞቱት በስም ይታወቃሉ። ያበዱት ቤት ተቀብሏቸዋል። ልጆቻቸው አልተራቡም። ሆብሃውስና ብሮክዌይ ከእስር ወጥተው፣ በ1922 ስለ እንግሊዝ እስር ቤቶች ትልቅ ጥናት አወጡ፤ ያ የዝምታ ሕግ ሰውን ምን እንደሚያደርግ አገሩ በሙሉ አነበበ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ እምቢ ያሉትን የሚያዩት ሸንጎዎች ከቀድሞው የተሻሉ ነበሩ። ከእነዚህ አዲሶቹ እምቢተኞች ውስጥ፣ በኩዌከሮች የተጀመረው የአምቡላንስ ቡድን አርባ ያህሉን ከ1942 ጀምሮ ወደ ኢትዮጵያ ላከ። ጣልያን ከወጣ በኋላ ሐኪም በጠፋበት ጊዜ በሆስፒታልና በክሊኒክ አገለገሉ። አያቶቻችንን ያከሙ ይሆናል፤ ማን ያውቃል!

ለእኛስ?

እዚህ ላይ ልዩነቱን በግልጽ ልናገር። እነዚያ ሰዎች እስርን አውቀው የመረጡ ናቸው። የታሰሩት እህቶቻችን አልመረጡም፤ ፓስፖርቷ በሌላ ሰው እጅ ሆኖ፣ ደመወዟን ተከልክላ የወጣች ናት አብዛኛዋ። እነዚያ በአገራቸው፣ በቋንቋቸው፣ የፓርላማ አባልና ባለሀብት ይዘው ነው የታገሉት። እኛ ያ የለንም። ስለዚህ የእነሱን ሁሉ እናድርግ አልልም። ገንዘብና ሥልጣን የማይጠይቀውን እንውሰድ ነው የምለው። አራት ነገር አቀርባለሁ፤ በሚቀጥለው ወር ድምፅ እንስጥበት።

አንደኛ፣ መዝገብ ይኑረን። አንዲት እህት ስትያዝ ስሟ ፓስፖርቷ ላይ እንዳለው፣ አገር ቤት የሚደወልበት ስልክ፣ መቼና የት እንደታየች፣ ወዴት እንደተወሰደች ይጻፍ። ሁለት የምናምናቸው ሰዎች በየራሳቸው ቅጂ ይያዙ። ቤት ውስጥ ማዳም «እከሌ» ብላ የምትጠራት ስም አይበቃም፤ በዚያ ስም ፈልጎ ያገኛት ሰው የለም። ይህ መዝገብ የሚስጥር ነው። እሷ ሳትፈቅድ ፎቶዋን በቲክቶክና በፌስቡክ የሚለቅ ሰው እየረዳት አይደለም።

ሁለተኛ፣ የጉብኝት ተራ እናውጣ። የመኖሪያ ወረቀቷ የተሟላ ብቻ ትሂድ። ወረቀት የሌላት በር ድረስ እንኳ እንዳትቀርብ፤ አንዷን ለመጠየቅ ሌላዋን ማስያዝ አንፈልግም። እሷ ቤቷ ሆና ዳቦ ትጋግር፣ ልብስ ታዘጋጅ፣ ስልክ ትደውል። ተራ የምንለው ለምን መሰላችሁ? ሁልጊዜ የሚሄዱት ያው ሦስት ሰዎች ሲሆኑ በስድስት ወር ውስጥ እነሱም ይደክማሉ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም፣ ለሃምሳ ሰው ጌጥ ሲባል ትሰሙ የለ።

ሦስተኛ፣ አገር ቤት ይደወል። እናት ልጇ ስልክ ካልመለሰች ሞታለች ብላ ታለቅሳለች። እውነቱን እንንገራት፣ የማናውቀውን አንጨምር፣ ተስፋ አስመስለንም አንዋሽ። የታሰረችዋንም አስቀድመን እንጠይቃት፤ ለማን ይነገር፣ ምን ይነገር፣ ምን እንድንጠይቅላት ትፈልጋለች። እንግሊዞቹ የተጣሉበት ነገር መፍትሔው እስረኛውን መጠየቅ ነበርና።

አራተኛ፣ «መዋጮ ከፍላለች ወይ?» እና «ጥፋቱ የማን ነው?» የሚሉትን ሁለት ጥያቄዎች ከታሰረች ሰው ላይ እናንሣ። ስትፈታ፣ ሥራ ስታገኝ፣ እሷ ራሷ ለሌላዋ ታዋጣለች። ካላዋጣችም ግድ የለም። እድር ለሞተ ሰው ነው፤ ይህ ግን በሕይወት ላለ ሰው የሚደረግ እድር ነው።

ሳጥኗ ትንሽ ናት ብያለሁ፤ ትንሽ እንደሆነች ትቀጥላለች። ለሁሉም ቲኬት መግዛት አንችልም። ጠበቃም ሁልጊዜ አናገኝም። የአንዲትን ሴት ስም በትክክል ጽፎ ለመያዝ ግን አንድ ደብተርና አንድ እስክሪብቶ ይበቃል። ደብተሩን ዛሬ ገዝቼ ይዤ መጥቻለሁ፤ እዚህ ጠረጴዛ ላይ ነው። የታሰረች የምታውቁ፣ ስትወጡ አስመዝግቡ። ይህን በጽሑፍ የምታነቡትም በምታውቁት አባል በኩል ላኩልን።

 በሚቀጥለው ወር በሰላም ያገናኘን።